ከሰል ስለማን ይመሰክራል? ስለ አየሩ፣ ስለ ደኑ ወይስ ስለ ሰው?

ሰደድ እሳት በተነሣ ቁጥር አብሮት የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ እንዲህ ያለ ቃጠሎ ከዚህ በፊት ታይቶ ያውቃል? ሳተላይቶች የተቃጠለ መሬትን በአስተማማኝ ሁኔታ መመዝገብ ከጀመሩ ገና ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ናቸው። የጽሑፍ መዛግብትም በአብዛኛው ከጥቂት መቶ ዓመታት አያልፉም፤ እነሱም ከተማ ያወደመውን እሳት እንጂ ማንም ያላየውን የተራራ ቃጠሎ እምብዛም አይዘግቡም። ከዚያ ወዲያ ላለው ዘመን ዋናው ምስክር እሳቱ ራሱ ትቶት የሄደው ከሰል ነው።

ምስክርነቱ ግን እንደሚወራው ቀላል አይደለም። ስለ ጥንታዊ ከሰል የሚወጡ ዜናዎች ብዙውን ጊዜ “ይህ ስፍራ ጥንት ደን ነበር” ወይም “አየሩ እርጥብ ነበር” በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃሉ። የከሰል ቁራጭ ግን ሦስት ነገሮችን አጣብቆ ይዟል። በአካባቢው ምን ይበቅል እንደነበር፣ ያን ያበቀለው አየር ምን ዓይነት እንደነበር፣ እንጨቱን ማን ወይም ምን እንዳቃጠለው። ጥንታዊ ከሰልን የሚያጠናው ዘርፍ ሥራ በአብዛኛው እነዚህን ሦስቱን ማላቀቅ ነው። ሳይላቀቁ የተነገረን ድምዳሜ እኔ በጥርጣሬ ነው የማየው።

ከሰል እስከ ዛሬ የቆየልን የሚበላው ስለሌለ ነው። እንጨት ሲሞት ሻጋታ፣ ባክቴሪያና ምስጥ ይቀራመቱታል። በቂ ኦክስጅን በማያገኝበት ሁኔታ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ ሲግል ግን ውሃውና በቀላሉ የሚተኑት ውሁዶች ወጥተው አብዛኛው ካርቦን የሆነ ቅሪት ይተርፋል፤ ይህም ለረቂቅ ተሕዋስያን የሚጥም ምግብ አይደለም። እሳቱ አየር እንደ ልብ ቢያገኝ ኖሮ የሚቀረው አመድ ብቻ ነበር። በዌልስና በፖላንድ አለቶች ውስጥ የተገኙ የከሰል ቅንጣቶች 430 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። በዚያ ዘመን ዛፍ የሚባል ነገር ገና በምድር ላይ ስላልነበረ የነደዱት ከመሬት ብዙም ከፍ የማይሉ ዕፀዋት ነበሩ። ያ ከሰል መኖሩ ብቻውን ስለ ጥንቱ አየር አንድ ነገር ይነግረናል፤ በከባቢ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከ16 በመቶ ገደማ ካነሰ እሳት አይያያዝምና ያኔ ከዚያ በላይ ነበረ ማለት ነው።

ከመቆየቱ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ቅርጹን መጠበቁ ነው። እንጨቱ ሲከስል ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፤ የሕዋሳቱ አደራደር ግን እንዳለ ይቀራል። ቁራጩን ሰብሮ አዲሱን ገጽ በማይክሮስኮፕ የተመለከተ ሰው እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩ ቀዳዳዎችን ያገኛል። ትልልቆቹ ከሥር ወደ ቅጠል ውሃ ይወጣባቸው የነበሩ ቧንቧዎች ናቸው። የቧንቧዎቹ ስፋት፣ በተናጠል ወይም በቡድን መቆማቸው፣ ከግንዱ መሐል ወደ ቅርፊቱ የሚዘረጉት የሕዋሳት ረድፎች ውፍረት፣ በቧንቧ ግድግዳ ላይ ያሉት ጥቃቅን ሽንቁሮች ቅርጽ፣ እነዚህ ሁሉ ከዛፍ ወገን ወደ ዛፍ ወገን ይለያያሉ። ስለዚህ ቁራጩ በሦስት አቅጣጫ ይሰበራል፤ በግንዱ አግድም፣ ከመሐል ወደ ቅርፊት በሚሄደው መስመር፣ እንዲሁም ከቅርፊቱ ጋር ትይዩ ሆኖ። ከዚያ ዛሬ በሕይወት ካሉ ዛፎች ተወስዶ ሆን ተብሎ ከተቃጠለ ናሙና ጋር ይነጻጸራል።

ድሮ ከሰሉን በሙጫ አጠንክሮ በስሱ መቁረጥ ያስፈልግ ነበር፤ አድካሚ ሥራ ስለነበር የሚታየው ቁራጭ ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ብርሃኑን ከላይ የሚያሳርፈው ማይክሮስኮፕ ሥራ ላይ ሲውል ቁራጩን ሰብሮ እዚያው ማየት ተቻለ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቁርጥራጮችን መመርመርም የማይታሰብ ነገር መሆኑ ቀረ። ይህ ተራ የሚመስል የመሣሪያ ለውጥ ከብዙ ንድፈ ሐሳቦች በላይ ዘርፉን የቀየረ ይመስለኛል። ዐሥር ቁራጭ ያየ ሰው ስለ ዐሥር ቁራጭ እንጂ ስለ ደን መናገር አይችልም።

ገደብም አለው። ማይክሮስኮፑ ብዙውን ጊዜ የሚለየው ወገኑን እንጂ ዝርያውን አይደለም። የግራር ከሰል ግራር መሆኑ ይታወቃል፤ ከብዙዎቹ የግራር ዝርያዎች የትኛው እንደሆነ ግን በአብዛኛው አይታወቅም። አንዱ ዝርያ በወንዝ ዳር፣ ሌላው በደረቅ ሜዳ የሚበቅል ከሆነ ስለ አየሩ የሚሰጠው ድምዳሜ የሚንጠለጠለው በዚህ ባልተለየ ነገር ላይ ነው።

ዛፉ ከታወቀ በኋላስ ምን ይባላል? ጠቡ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በደቡብ እንግሊዝ ሜይደን ካስል ከሚባለው ጥንታዊ ምሽግ በ1930ዎቹ በተደረገ ቁፋሮ የወጣውን ከሰል ኤድዋርድ ሳሊስበሪና ፍራንክ ጄን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1940 አሳተሙ። የጥንት ነዋሪዎች ማገዶን ብዙ ሳይመርጡ ከአቅራቢያቸው ይሰበስቡ ስለነበር በከሰሉ ውስጥ ያለው የዛፎች ስብጥር የአካባቢውን ዕፀዋትና የአየር ሁኔታ ያሳያል አሉ። በዓመቱ ሃሪ ጎድዊንና አርተር ታንስሊ፣ ሁለቱም በዕፀዋት ሥነ ምህዳር አንቱ የተባሉ ሊቃውንት፣ ብርቱ ተቃውሞ አቀረቡ። የተቃውሟቸው ፍሬ ነገር ሰው ማገዶ ይመርጣል የሚል ነው፤ ምድጃ ውስጥ የገባው የተፈለገው እንጂ የነበረው ሁሉ አይደለም።

ክርክሩ ከ80 ዓመት በኋላም ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ የተሻሻለው ግን ማንኛውም ወገን ስላሸነፈ ሳይሆን ጥያቄው ስለተቀየረ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በፈረንሳይ ሞንፔሊዬ በዣን ሉዊ ቬርኔ ዙሪያ የተሰባሰቡት ተመራማሪዎች፣ በኋላም በተለይ ሉሲ ሻባል፣ “ሰው ይመርጣል ወይስ አይመርጥም?” በማለት ፈንታ “ከሰሉ የት ነው የተገኘው?” ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ምድጃው ውስጥ እንዳለ የተገኘ ከሰል የመጨረሻዎቹ ጥቂት እሳቶች ቅሪት ነው፤ ምናልባትም የአንድ ቅርንጫፍ። በመኖሪያው ወለል ላይ ተበትኖ በአፈር ንብርብር የተቀላቀለው ከሰል ግን ለብዙ ዓመታት ከምድጃ እየተጠረገ የተጣለ ነው። የእለት ተእለት ምርጫዎች፣ የዛሬው ድንገተኛ አጋጣሚና የነገው ስንፍና፣ በዚያ ክምችት ውስጥ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ስለ ደን የሚጠየቀው ይህ የተበተነው ነው። ከአንድ ንብርብርም 250 እስከ 400 ቁርጥራጮችን መመርመር እንደ ልማድ ተይዟል፤ ቁጥሩ ሲጨምር አዳዲስ ዛፎች መገኘታቸው እየቀነሰ የሚሄድበት ደረጃ ያ ነውና።

ለልዩ ሥራ የተቃጠለ እንጨት ከዚህ ስሌት ይወጣል። ብረት የሚያቀልጥ ሰው ከባድና ለረጅም ጊዜ የሚነድ እንጨት ሆን ብሎ ይፈልጋል፤ የማቅለጫ ምድጃ ከሰል ስለ ባለሙያው ምርጫ እንጂ ስለ መልክዓ ምድሩ ብዙ አይናገርም። በአንጻሩ በሕዋሳቱ መካከል የከሰለ የፈንገስ ክር የተገኘበት ቁራጭ እንጨቱ ከመቃጠሉ በፊት መበስበስ እንደጀመረ ይጠቁማል። ይህም የወደቀ እንጨት ይለቀም እንደነበር ያሳያል፤ የወደቀ የሚለቅም ሰው ደግሞ ብዙ አይመርጥም።

በደቡብ ፈረንሳይ ሾቬ ዋሻ ከ30,000 ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች ግድግዳ ላይ የሣሉት በከሰል ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከዋሻው የተወሰዱ 171 የከሰል ናሙናዎችን መርምሮ ከአንዷ በቀር ሁሉም ፓይን ከሚባለው መርፌ መሰል ቅጠል ካለው ዛፍ መሆናቸውን አገኘ። ይህን ሠዓሊዎቹ ፓይንን ለሥዕል መርጠውት ነው ማለት ይቻላል፤ ጥሩ ታሪክም ይወጣዋል። ነገር ግን ዘመኑ የበረዶ ዘመን ነበር፤ በዚያ ብርድና ድርቀት ውስጥ በአካባቢው በርከት ብሎ የሚቆም ዛፍ ቢኖር ፓይን ነው፤ የታች ቅርንጫፎቹንም እያደረቀ የሚጥል በመሆኑ ለለቃሚ የተመቸ ነው። ምርጫውና አየሩ እዚህ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚጠቁሙ ሥዕሎቹ ብቻቸውን ሊለዩዋቸው አይችሉም።

ከፓሲፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች አንዷ በሆነችው ራፓ ኑይ፣ በተለምዶ ኢስተር ደሴት በምትባለው፣ ነገሩ ጥርት ብሎ ይታያል። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ1722 ሲደርሱ ደሴቲቱ ከሞላ ጎደል ዛፍ አልባ ነበረች። ካትሪን ኦርሊያክ ከምድጃዎች የወጣውን ከሰል ስትመረምር ግን ከዚያ በፊት በደሴቲቱ መኖራቸው የማይታወቅ ከዐሥር በላይ የዛፍና የቁጥቋጦ ዓይነቶችን አገኘች። እንጨት እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ይነድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ምድጃዎቹ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ሣር ነው። ሰው ማገዶ ይመርጣል የሚለው ክርክር እዚህ ጋ ጉልበቱን ያጣል፤ እንጨት እያለለት ሣር ለማገዶ የሚመርጥ የለምና። ዛፎቹ ለምን አለቁ የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሰው ምንጣሮ፣ የዛፍ ፍሬ የሚበሉ አይጦች፣ ድርቅ፣ ሁሉም ተከራካሪ አላቸው። ከሰሉ መቼ እንደጠፉ ይናገራል እንጂ ማን እንዳጠፋቸው አይናገርም።

አየር ንብረትን በተመለከተ ጠንካራው ማስረጃ የሚገኘው የዛፎቹ ስብጥር ከዛሬው ፈጽሞ በተለየበት ቦታ ነው። ካታሪና ኖይማን በምሥራቅ ሰሐራ፣ በግብፅና በሱዳን በረሃዎች ከሚገኙ ቅድመ ታሪክ ሰፈሮች የሰበሰበችው ከሰል ዛሬ ድንጋይና አሸዋ ብቻ ባለበት ምድር ከጥቂት ሺህ ዓመታት በፊት ግራርና ሌሎች ዛሬ ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው የሳህል ምድር የሚገኙ ዛፎች ይበቅሉ እንደነበር አሳይቷል። የዕፀዋት ቀበቶዎቹ ከዛሬው ቦታቸው በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ወደ ሰሜን ተገፍተው ነበር። እዚህ ላይ ማንም “ሰው መርጦ ነው” ሊል አይችልም፤ ማገዶን ከዚያ ሁሉ ርቀት ተሸክሞ የሚመጣ የለም። በአልፕስ ተራሮችም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ዛሬ ሣር ብቻ በሚበቅልበት ከፍታ አፈሩ ውስጥ የዛፍ ከሰል ይገኛል፤ የዛፎች የላይኛው ወሰን በአንዳንድ ቦታ አሁን ካለበት በመቶዎች በሚቆጠሩ ሜትሮች ከፍ ብሎ ነበር ማለት ነው።

ለውጡ ረቂቅ በሚሆንበት ጊዜ ተመራማሪዎች ወደ ካርቦኑ ራሱ ይዞራሉ። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀላልና ከባድ የካርቦን አይሶቶፖችን፣ ማለትም በክብደት ብቻ የሚለያዩ የካርቦን አተሞችን፣ ይዟል፤ ተክል ቀለል ያለውን ይመርጣል። ውሃ ሲያጥረው ግን የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል፤ ውስጥ የታሰረው አየር አነስተኛ ስለሚሆን መምረጥ አይችልምና ከባዱንም ይወስዳል። ስለዚህ በአንድ የዛፍ ዓይነት ከሰል ውስጥ የከባዱ ካርቦን ድርሻ ከንብርብር ወደ ንብርብር ከጨመረ ዛፉ ተጠምቶ ነበር ማለት ነው። ችግሩ ማቃጠሉም በራሱ ይህን ድርሻ ይቀይረዋል፤ የለውጡ መጠንም በእሳቱ ሙቀት ይወሰናል። በሜዲትራኒያን አካባቢ በፓይን ላይ የተሠሩ ጥናቶች በከሰሉ ውስጥ ያለውን ካርቦን በመቶኛ ለክተው ስሕተቱን ማረም እንደሚቻል አሳይተዋል። ዘዴው ተስፋ ሰጪ ነው፤ ግን የማረሚያው ስሌት ለእያንዳንዱ የዛፍ ዓይነት እንደገና መሠራት አለበት።

የከሰሉ ዕድሜ የሚታወቀው በራዲዮካርቦን፣ ተክሉ ከአየር ወስዶት በጊዜ ብዛት እየፈረሰ በሚሄደው የካርቦን ዓይነት፣ ነው። ይህ ካርቦን በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ዘዴው ከ50,000 ዓመት ገደማ ወዲያ አይሠራም። ሌላው ወጥመድ የሚለካው እንጨቱ የበቀለበት እንጂ የተቃጠለበት ዘመን አለመሆኑ ነው። የ400 ዓመት ዛፍ መሐሉ ከቅርፊቱ በ400 ዓመት ይበልጣል፤ ስለዚህ ለልኬት ቀጭን ቅርንጫፍ ወይም ዘር ይመረጣል።

እስካሁን የተነገረው በአብዛኛው በሰው እጅ ስለተቃጠለ እንጨት ነው። በሐይቅ ደለል ውስጥ ያለው ከሰል ደግሞ ሌላ ቋንቋ ይናገራል። ጥቃቅን ስለሆነ ዛፉን ለይቶ አይነግረንም፤ ይልቁንም ስንት እሳት እንደነደደ ይነግረናል። ከ0.125 ሚሊ ሜትር የሚበልጡት ቅንጣቶች ባብዛኛው ከቅርብ የመጡ ናቸው፤ ደቃቆቹ በነፋስ ረጅም ርቀት ይጓዛሉ። ደለሉ በቱቦ ይወጣል፣ በቀጭን በቀጭኑ ይቆረጣል፣ ቅንጣቶቹ ይቆጠራሉ፤ ከዚያው ደለል ከሚገኘው የአበባ ብናኝ ጋርም ይነጻጸራሉ።

ከዚህ የተገኘው ትልቁ ትምህርት ብዙ ሰው ከሚገምተው ተቃራኒ ነው። ብዙ ከሰል ሁልጊዜ ድርቅ ማለት አይደለም። ከ21,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ የበረዶው ዘመን በበረታበት ወቅት፣ ዓለም ቀዝቃዛና ደረቅ ነበረች፤ ከተለያዩ አህጉራት የተሰበሰቡት የደለል መዛግብት ግን ያኔ ቃጠሎ አነስተኛ እንደነበር ያሳያሉ። የሚነድ ነገር አልነበረማ! እሳት ማገዶ ይፈልጋል፤ ማገዶውን ደግሞ የሚያበቅለው ዝናብ ነው። በባሌ ተራሮች 3,950 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋርባ ጉራቻ ሐይቅ የወጣው ደለልም ከዚህ ጋር ይስማማል። በአካባቢው ከ14,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ እሳት ነበር፤ በጣም የበረታው ግን ከ10,800 እስከ 6,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ፣ ምሥራቅ አፍሪካ በአብዛኛው ከዛሬ ይልቅ ዝናባማ በነበረችበት ዘመን ነው። አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ሲበዛ እሳት ይበዛል፤ ከእሳት በኋላ አስታው ከሥሩ ተመልሶ ያቆጠቁጣል። ተመራማሪዎቹ ከዚህ ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጽሑፍ ቁጥጥር የሚደረግበት ቃጠሎ የብሔራዊ ፓርኩ አያያዝ አካል እንዲሆን ሐሳብ አቅርበዋል።

የምክንያትና የውጤት ቅደም ተከተልም ሊገለበጥ ይችላል። በሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያ ሊንችስ ክሬተር ከሚባል ረግረግ የወጣው ደለል ከ41,000 ዓመት ገደማ በፊት ከሰል በድንገት እንደጨመረ ያሳያል። በግዙፍ ሣር በል እንስሳት እበት ላይ የሚበቅል ፈንገስ ዘር ግን ከዚያ ቀድሞ ቀንሷል። እሳት እንስሳቱን አጠፋ ሲባል የቆየው በዚህ መዝገብ መሠረት ወደ ሌላ ዞሯል፤ እንስሳቱ ሲጠፉ ያልተጋጠው ሣርና ቁጥቋጦ ተከማቸና ነደደ።

በመጨረሻዎቹ 2,000 ዓመታት ላይ ያተኮረ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ዓለም አቀፍ ስብስብ ደግሞ ቃጠሎ እስከ 1750 ገደማ ቀስ በቀስ ሲቀንስ ቆይቶ ከዚያ እንዳሻቀበ፣ ከ1870 በኋላ ግን በፍጥነት እንደወረደ ያሳያል። በምዕራብ አሜሪካም ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ቃጠሎው አየሩ ከሚፈቅደው በታች ወርዷል፤ ግጦሽ ሣሩን ጨረሰው፣ እሳት ማጥፋትም የመንግሥት ፖሊሲ ሆነ። ያልነደደው ግን አልጠፋም፤ እዚያው ተከማችቷል። ሳተላይቶችም እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2015 በዓለም ላይ የሚቃጠለው መሬት በሩብ ገደማ እንደቀነሰ መዝግበዋል፤ ዋናው ምክንያት የሣር ምድር ወደ እርሻ መቀየሩ ነው። በሌላ በኩል በደን ላይ የሚደርሱ ከባድ ቃጠሎዎች በበርካታ አካባቢዎች ብሰዋል። ሁለቱ አይጋጩም። “ዓለም እየነደደች ነው” የሚለውም ሆነ “እሳት እየቀነሰ ነው” የሚለው ተሟጋች የራሱን ግማሽ ብቻ ይዞ ነው የሚጮኸው። የዓለም አቀፉን መስመር እኔ ከአንድ ሐይቅ መዝገብ ባነሰ እምነት ነው የማየው፤ መዛግብቱ በብዛት የተሰበሰቡት ከሰሜን አሜሪካና ከአውሮፓ ሲሆን፣ ዛሬ ከፍተኛው ቃጠሎ ያለበት የአፍሪካ የሣር ምድር በስብስቡ ውስጥ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው።

ደንና የሣር ምድር የሚያስተዳድር ሰው ከዚህ ሁሉ የሚፈልገው በየስንት ዓመቱ፣ በየትኛው ወር፣ ምን ያህል መሬት ይቃጠል ነበር የሚለውን ነው። አንድ የደለል ቁራጭ ብዙውን ጊዜ የብዙ ዓመታት ክምችት ስለሆነ የመጀመሪያውን በግምት ይመልሳል፤ ወሩን አይመልስም፣ ስፋቱንም በተዘዋዋሪ ብቻ ይጠቁማል። በቀዝቃዛው የዓለም ክፍል ይህን ጎደሎ የሚሞላው በዛፍ ዓመታዊ ቀለበቶች ላይ የቀረ የእሳት ጠባሳ ነው፤ ቃጠሎው የነደደበትን ዓመት፣ አንዳንዴም ወቅቱን ይናገራል። በሐሩር ክልል ግን ብዙ ዛፎች አስተማማኝ ዓመታዊ ቀለበት አያወጡም። ለነዚህ አካባቢዎች የሚቀረው አማራጭ ደለሉን ከአሁኑ ይልቅ በጣም እያሳነሱ መቁረጥና የዛሬን ዛፎችና ሣሮች እያቃጠሉ የማነጻጸሪያ ናሙና ማከማቸት ነው።